ወለል የሚሸነፈው በዳሩ ነው

ቤታቸውን ለማስፋት ላሰቡ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ወለል ለመስማት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ስለ ጣሪያና ስለ መስኮት ማውራት ይወዳል። ወለል የሚታወሰው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሰነጠቅ ነው።

ማስፋፊያ ክፍል ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሌም ቀድሞ የሚጠይቀው «ፎሙ ስንት ሴንቲ ይሁን?» ብሎ ነው። ፎም ስል ሙቀት እንዳያመልጥ ወለሉ ውስጥ የሚነጠፈውን ማለቴ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ዳሩን ምን ላድርገው?» የሚለው ነው። ዛሬ ብዙ ነገር እናነሳለን፤ ዞረን ዞረን ግን የምንመለሰው እዚያው ዳር ላይ፣ ወለሉ ከውጭው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከወለል የሚያመልጥ ሙቀት ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ሆድ የሚወርድ ይመስለናል። በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ከክፍሉ መሃል በታች ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። ሰው ሲኖርበትና ሲሞቅ ደግሞ አፈሩም ቀስ በቀስ ይሞቃል። ወደ ውጭ የሚያስወጣው አጭር መንገድ ያለው በዳር በኩል ነው። ሙቀቱ ከወለሉ ይወጣና በግድግዳው መሠረት ሥር ቀስት ሠርቶ ይዞራል። ከዚያ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ከወለል የሚባክነውን ሙቀት ሲያሰሉ ከስፋቱ ጋር የተጋለጠውን ዳር ርዝመት የሚያስገቡት። አይኤስኦ 13370 የተባለው ዓለም አቀፍ የስሌት መስፈርትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

በቁጥር እንየው። 10 በ10 ሜትር የሆነ ብቻውን የቆመ ቤት 100 ካሬ ወለል አለው። ዳሩ ዙሪያውን 40 ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ 40 ሴንቲ ዳር ይደርሰዋል ማለት ነው። አሁን ከጀርባው 5 በ4 የሆነች ክፍል እንቀጥል። ስፋቷ 20 ካሬ ነው። አንዱ ጎኗ ነባሩን ቤት ተደግፏል። ሦስቱ ጎኖቿ ግን ውጭ ናቸው፤ 13 ሜትር ዳር። ለእያንዳንዱ ካሬ 65 ሴንቲ ይደርሰዋል። «ትንሽ ክፍል ናት፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ነው የሚያዩት። ለብርድ የበለጠ የተጋለጠችው ትንሿ ናት።

ዳሩ ከቀዘቀዘ ብርድ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ክፍሉ ውስጥ አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት አለው እንበል። ይህ የተለመደ ነው። በዚህ አየር ውስጥ ወደ 12 ዲግሪ የወረደ ነገር ሁሉ ላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሻጋታ ግን ውሃው እስኪታይ አይጠብቅም። 15 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጥግ ይበቃዋል። ከዞኮሎው ጀርባ፣ ከሶፋው ኋላ፣ አየር በማይዘዋወርበት ጥግ ይጀምራል። ከዚያ ባለቤቱ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ጣሪያ ይፈትሻል።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ያዙና ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። ከላይ ወደ ታች ነው ያልኩት። ብዙ ሰው ከጉድጓዱ ተነስቶ ወደ ላይ ይገነባና በመጨረሻ አዲሱ ወለል ከአሮጌው 4 ሴንቲ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ እንቅፋት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

መነሻችሁ የነባሩ ቤት የተጠናቀቀ ወለል ይሁን። ከዚያ ቀንሱ። ሴራሚክ ወይም ፓርኬ ከነማጣበቂያው 2 ሴንቲ። ከሥሩ ስክሪድ፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ማስተካከያ ንጣፍ፣ 7። ከሥሩ ፎም 10። ከሥሩ ኮንክሪት 10። ከሥሩ አሸዋ 5። ከሥሩ የተጠቀጠቀ ሃርድኮር፣ ማለትም የድንጋይ ሙሊት፣ 15። ድምሩ 49 ሴንቲ ነው። ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ወፍራም ፎም ከፈለጋችሁ ጉድጓዱ በዚያው ልክ ይጠልቃል። የሴራሚኩን ውፍረት ቁፋሮው ካለቀ በኋላ መምረጥ ጣጣ አለው። ቢያንስ ዓይነቱን ቀድማችሁ ወስኑ። በቀለሙ በኋላ ትጣላላችሁ።

በዚያው ወረቀት ላይ የውጭውንም መሬት ልክ ጻፉ። በግድግዳው ውስጥ ከመሬት የሚወጣውን ርጥበት የሚያግድ ሽፋን አለ። የውጭው መሬት ከዚያ ሽፋን ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ካለዚያ ዝናብ ሲመታ የሚረጨው ውሃ ከሽፋኑ በላይ ግድግዳውን ያርሰዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ነባሩ ቤት ወለሉ እንጨት ከሆነና ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለ፣ በግድግዳው ግርጌ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ለጌጥ አይደሉም። ከአንዱ ጎን የገባው አየር ከእንጨቱ ሥር አልፎ በሌላው ይወጣል፤ ርጥበቱንም ይዞት ይሄዳል። አዲሱ ክፍል ወለሉ ድፍን ኮንክሪት ነው። ሲሠራ እነዚያን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ማንም ልብ አይለውም። ከወለሉ ሥር ያለው እንጨት የሚይዘው ውሃ ከክብደቱ 20 በመቶ ካለፈ ግን ለሚያበሰብሰው ፈንገስ ምቹ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ አሮጌው ሳሎን ወለሉ መላወስ ይጀምራል። ጥፋቱ የአዲሱ ክፍል መሆኑን የሚጠረጥር የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በጊዜው ከታሰበ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ቱቦ ይነሳል። በአዲሱ ወለል ሥር አልፎ ወደ ውጭው ግድግዳ ይወጣል። አይጥ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ወንፊት ይደረግለታል። ቱቦው የሚያልፈው ከፎሙ በታች ይሁን። ቀዝቃዛ አየር የሚያመላልስ ቱቦ ፎሙን ቆርጦ ከገባ ራሳችሁ ብርድ ጠርታችኋል። ሌላ አደራ፦ አምስት ቀዳዳ በአንድ ቀጭን ቱቦ አይተካም።

ወደ መሠረቱ ስንወርድ፣ ላይኛው ጥቁር አፈር በሙሉ ይነሳ። ሥርና ቅጠል አለበት። ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል። ከዚያ ሃርድኮሩ ይገባል። ንጹሕ የተፈጨ ድንጋይ ይሁን። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ጂፕሰም ይኖራል። ጂፕሰም ሰልፌት አለው፤ ሰልፌት ርጥበት ሲያገኝ ኮንክሪት ይበላል። እንጨትማ ጭራሽ አይግባ። ድንጋዩም ቢሆን ምንጩ ይጠየቅ። አየርላንድ ውስጥ ይህ ነገር በብዙ ቤቶች ላይ ደርሷል። ከወለል ሥር የገባው ድንጋይ ፓይራይት የተባለ ማዕድን ነበረበት። ማዕድኑ አየርና ውሃ ሲያገኝ ለውጥ ያደርጋል፤ ያብጣል። ወለሎች ከሥር ወደ ላይ ተነሱ፣ ግድግዳዎች ተሰነጠቁ። ነገሩ በ2013 የራሱ ሕግ እስኪወጣለት ደረሰ።

አሞላሉ በስስ በስስ ይሁን። እያንዳንዱ ንብብር ከ15 ሴንቲ አይብለጥ። በመጠቅጠቂያ ማሽን በደንብ ይመታ፣ ከዚያ ቀጣዩ ይጨመር። እዚህም ዳሩን ተመልከቱ። ለግድግዳው መሠረት የተቆፈረው ቦይ ግንቡ ካለቀ በኋላ በአፈር ይሞላል። ማሽኑ ወደ ግድግዳው አይጠጋም። ሠራተኛውም ግንቡን እንዳይነካ ይፈራል። ስለዚህ መሃሉ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፣ ዳሩ ላላ ብሎ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ከዞኮሎው ሥር ክፍተት ታያላችሁ። ዳር ዳሩ በእጅ መጠቅጠቂያ ሳይታከት ይመታ። ሙሊቱ ከ60 ሴንቲ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ የሚያርፍ ወለል ትታችሁ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ወለል ብታስቡ እመርጣለሁ። ያን ያህል ሙሊት እኩል መጠቅጠቅ ከባድ ነው።

በሃርድኮሩ ላይ አሸዋ ይነጠፋል። ድንጋዩ በላዩ የሚነጠፈውን የርጥበት መከላከያ ላስቲክ እንዳይበሳው ነው። ላስቲኩ 300 ማይክሮን ውፍረት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ሲሦ ሚሊ ሜትር ገደማ። ኮንክሪት ደረቅ ድንጋይ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ላስቲኩ ያንን ይቆርጠዋል። ሁለት ላስቲክ ሲገናኝ ቢያንስ 15 ሴንቲ ይደራረብና በቴፕ ይታሸግ። ቱቦ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያው ይታሸግ። ዳሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይታጠፍ። በግድግዳው ውስጥ ካለው የርጥበት መከላከያ ጋርም ይያያዝ። ካልተያያዘ ርጥበቱ መንገዱን ያውቀዋል። አሮጌው ግድግዳ በኩል ያለው ሽፋን ከአዲሱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ያኔ በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ራሱ ርጥበት በማያሳልፍ ነገር ይሸፈን። አሮጌ ቤት ጭራሽ ሽፋን ላይኖረውም ይችላል። ያ ሌላ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ስለ ላስቲኩ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ አካባቢዎች ራዶን የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ከመሬት ይወጣል። ከሲጋራ ቀጥሎ ዋና የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ላስቲኩ ጋዝም እንዲያግድ ተደርጎ ይመረጣል። ስፌቱ ላይ ያለው ጥንቃቄም እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ፎሙ ደረስን። ተዋናዩ እሱ ነው፤ ዳይሬክተሩ ባይሆንም።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፖሊስታይሪን አለ። ከእሱ ጠንከር ያለና ውሃ የማይመጥ ኤክስፒኤስ አለ። በአሉሚኒየም ወረቀት የተሸፈነ ፒአይአር የሚባል ሰሌዳም አለ። ሙቀት የማሳለፍ መጠናቸው ይለያያል። ፒአይአር 0.022 አካባቢ ነው። ነጩ ፖሊስታይሪን እንደየዓይነቱ 0.036 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ ነው። 10 ሴንቲ ፒአይአር የሚሠራውን በነጩ ለማግኘት 16 ሴንቲ ገደማ ያስፈልጋል። ያንኑ በኮንክሪት ላግኘው ብትሉ ውፍረቱ ከ6 ሜትር ያልፋል። «ወፍራም አርማታ ካፈሰስኩ ይበቃል» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው።

የትኛውን ልምረጥ ትሉኛላችሁ። መቆፈር ችግር ካልሆነ ነጩን ወፍራም አድርጋችሁ ብትጠቀሙ ምንም አትጎዱም። ቦታ ከጠበበ ፒአይአር። ፎሙ ርጥብ መሬት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ከሆነ ኤክስፒኤስ። ሰው በዚህ ምርጫ ሳምንት ሙሉ ይጨቃጨቃል። ከዚያ የሰሌዳዎቹን መገጣጠሚያ አንድ ጣት ክፍተት ትቶ ያነጥፋል። በዚያ ክፍተት ስክሪድ ሰርጎ ይገባና ብርድ የሚያልፍበት ድልድይ ይሆናል። ክፍተቱ በሚረጭ ፎም ይሞላ። መገጣጠሚያው በቴፕ ይታሸግ። ሰሌዳዎቹም እንደ ጡብ ተሰባጥረው ይነጠፉ። ሰሌዳው ላይ ስትቆሙ ከተወዛወዘ ከሥሩ ያለው ቦታ ውሃ ልኩን አልጠበቀም። አንስታችሁ አስተካክሉ። የሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ የፈሰሰ ስክሪድ መሰንጠቁ አይቀርም።

ፎሙ ከኮንክሪቱ በላይ ይሁን ወይስ በታች? ሁለቱም ይሠራሉ፤ ለክፍሉ አኗኗር የሚስማማው ይለያያል። ከታች ከሆነ ኮንክሪቱ ሙቀት ይይዛል። ክፍሉ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ቀኑን ሙሉ ሰው ላለበት ወይም ፀሐይ በብዛት ለሚገባበት ክፍል ይሄ ደስ ይላል። ከላይ ከሆነ ቶሎ ይሞቃል። ማታ ማታ ብቻ ለሚከፈት ክፍል የኔ ምርጫ እሱ ነው።

ወደ ዳሩ እንመለስ። ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ፎም አንጥፋችሁ ስክሪዱ ወይም ኮንክሪቱ ግድግዳውን በቀጥታ ከነካ ሙቀቱ በጎን ይወጣል። ስለዚህ ዙሪያውን በሙሉ 2.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ፎም በቁመቱ ይቁም። ከታችኛው ፎም ተነስቶ እስከ ስክሪዱ ጫፍ ይድረስ። አናቱን ዞኮሎውና የግድግዳው ልስን ይሸፍኑታል። የግድግዳው የሙቀት መከላከያም ወለሉ ላይ ቆሞ አይቅር። ከወለሉ ፎም ወደ ታች ቢያንስ 15 ሴንቲ አልፎ ይውረድ። ሁለቱ እንዲደራረቡ ነው የሚፈለገው። ይህች የቆመች ፎም በጣም ትንሽ ዕቃ ናት። በችኮላ ጊዜ ቀድማ የምትረሳውም እሷ ናት። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ዙሪያውን ዞራችሁ እዩዋት። ከፈሰሰ በኋላ ማንም አያስገባትም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየም ይበላል። ሰሌዳው አሉሚኒየም ለብሶ ከሆነ ከኮንክሪቱ የሚለየው ስስ ላስቲክ በላዩ ይነጠፍ። ይህ ላስቲክ ስክሪዱ በሰሌዳዎቹ መሃል ሰርጎ እንዳያነሳቸውም ይረዳል። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ነክ ማሟሟቂያ ያለው ሬንጅ ፖሊስታይሪንን ያቀልጠዋል። ግድግዳውን ሬንጅ ቀብታችሁ ሳይደርቅ ፎም አታስጠጉ። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ፖሊስታይሪንን ነክቶ አይለፍ። ፎሙ ከገመዱ ሽፋን ውስጥ ማለስለሻውን ይመጥና ገመዱ እየደረቀ ይሰባበራል። በቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

ስክሪዱ ላይ ብዙ አልቆይም። በፎም ላይ የሚፈስ የሲሚንቶ ስክሪድ ለመኖሪያ ቤት ከ6.5 ሴንቲ ባያንስ ጥሩ ነው። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አሸዋ ነው። አሮጌውና አዲሱ ወለል በሚገናኙበት በር ላይ ግን ቆም በሉ። ሁለቱ በተለያየ መሠረት ላይ ናቸው። አዲሱ ትንሽ መስመጡ የሚጠበቅ ነው። ስክሪዱን አያይዛችሁ፣ ሴራሚኩንም ሳታቋርጡ ካነጠፋችሁ ስንጥቁ የራሱን መስመር ይመርጣል። መስመሩን እናንተ ምረጡለት። በሩ ሥር መገጣጠሚያ ይተው፣ በላዩ ቀጭን የብረት ማሰሪያ ይደረግበት። በሩ ሲዘጋ አይታይም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ከባዱም እሱ ነው። ስክሪዱ ለመጀመሪያው ሳምንት ተሸፍኖ ርጥበቱን ይዞ ይቆይ። ከዚያ መድረቅ ይጀምራል። የተለመደው ግምት እስከ 5 ሴንቲ ድረስ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ይዘገያል። 7 ሴንቲ ስክሪድ ሁለት ወር አልፎ ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ከሥሩ ላስቲክና ፎም ስላለ ውሃው መውጫው ወደ ላይ ብቻ ነው። ፓርኬ ከማንጠፋችሁ በፊት የስክሪዱ አንጻራዊ እርጥበት በመሣሪያ ይለካ፤ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በእጅ ዳስሶ «ደርቋል» ማለት ፉርሽ ነው። ላዩ ሁሌም ቀድሞ ይደርቃል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ልጥቀስ።

አንዲት እናት «ይሄን ሁሉ ሠርቼ ሴራሚኩ እግሬን ቢያቀዘቅዘኝስ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ በባዶ እግር ሲረግጡት ያቀዘቅዝዎታል። ሴራሚክና እንጨት እኩል 20 ዲግሪ ላይ ቢሆኑም ሴራሚኩ ከእግር ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ቀዝቃዛ መስሎ ይሰማል። ፎሙ የሚቀንሰው ክፍሉ የሚያባክነውን ሙቀትና የጥጉን ቅዝቃዜ ነው። ለእግር የሚመች ከፈለጉ ላዩን እንጨት ያድርጉት። ወይም በስክሪዱ ውስጥ የሞቀ ውሃ ቱቦ ይቀበር። ቱቦ ካለ ደግሞ ፎሙ ይወፍር። የሚሞቅ ወለል ወደ ታችም የሚልከው ሙቀት ይጨምራል።

ሌላው ጥያቄ ስለ ክብደት ነበር። «ፎም ላይ ቤት ይቆማል ወይ?» ነው ያሉት። ነጩ ፖሊስታይሪን ላይ 70፣ 100፣ 150 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 100 ማለት በአንድ ካሬ ወደ 10 ቶን ሲጫንበት ከውፍረቱ አንድ አሥረኛውን ይጨመቃል ማለት ነው። ለዘለቄታው የሚፈቀደው ጭነት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ቢሆንም ለመኖሪያ ክፍል የሚታሰበው ጭነት በካሬ ከ150 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። 7 ሴንቲ ስክሪድ ራሱ ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ተደምረው እንኳ ፎሙ ይበቃል። አልጋም፣ ቁምሳጥንም፣ ፍሪጅም ይቆማል። በወለሉ ላይ የጡብ ግድግዳ ወይም ጣሪያ የሚሸከም ኮለን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ለእነሱ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የራሳቸው መሠረት ይቆፈርላቸው።